ካምቢዮ ውስጥ የሚቀረው ዘይት

አውቶማቲክ ካምቢዮ የያዘውን ዘይት ጨርሶ አይሰጥም። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በአራት የብረት ማቆሚያ ላይ ልኩን ጠብቆ ቢቀመጥ፣ ከሥሩ ያለው ብሎን ቢፈታ፣ ባለቤቱም የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ በትዕግሥት ቢጠብቅ፣ ከግማሽ የሚበልጠው ዘይት ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። ሰባት ሊትር ከሚይዝ ካምቢዮ ሦስት ሊትር ቢወርድ ጥሩ ነው። የቀረው አራት ሊትር ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ሆድ፣ ወደ ራዲያተር በሚሄዱት የማቀዝቀዣ ቱቦዎችና በቫልቮቹ ቀጫጭን ቦዮች ውስጥ ተኝቷል። የድሮ መርሰዲሶች ቶርክ ኮንቨርተራቸው ላይ የራሱ ማፍሰሻ ብሎን ነበራቸው፤ ዛሬ በብዙ መኪናዎች ላይ እሱም የለም።

ስሌቱን ማንም በወረቀት ላይ ሊሠራው ይችላል። ሦስት ሊትር አፍስሶ ሦስት ሊትር አዲስ የሞላ ሰው መኪናውን ትንሽ ነድቶ ሁለቱን ሲያደባልቃቸው፣ በካምቢዮው ውስጥ ካለው ዘይት 57 በመቶው አሮጌ ነው። ያንኑ ሥራ ሲደግመው አሮጌው ወደ 33 በመቶ ይወርዳል፤ በሦስተኛው ወደ 19፣ በአራተኛው ወደ 11። አሥር ጊዜ ቢመላለስም ዜሮ ላይ አይደርስም። በየዙሩ የሚፈሰው ዘይት ከአዲሱም የተቀላቀለበት ስለሆነ ወጪው እንዳለ ሆኖ ጥቅሙ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ «የካምቢዮ ዘይት ቀየርኩ» የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ እውነቱ ግን በመቶኛ የሚነገር ነው።

በእርሾ እንጀራ ያደገ ሰው ይህ ነገር ባዳ አይሆንበትም። ከአንዱ ቡሖ የተረፈው ለሚቀጥለው ይነሣል፤ የዛሬው ሊጥ ውስጥ ያለፈው ሳምንት አለ። ልዩነቱ እርሾ ተፈልጎ የሚቀመጥ መሆኑ ነው። የካምቢዮው አሮጌ ዘይት የሚቀረው መውጫ ስላጣ ብቻ ነው። ፈላስፎች ክፍሎቹ በሙሉ ስለተተኩ ነገር ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ያው ነው ወይስ ሌላ? መኪና ሥር ለተጋደመ ሰው ግን ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው። አዲሱ ምን ያህል አሮጌ ተሸክሞ መሥራት ይችላል? መልሱ የሚያጽናና ነው፤ ብዙ ይችላል፣ አሮጌው ተቃጥሎ ካላለቀ በቀር። አዲሱ ዘይት ይዞት የሚመጣው ቅመም ወደ አሮጌውም ይዳረሳል፣ የጠቅላላው ጥራት ከፍ ይላል፣ ካምቢዮውም ለውጡን ሳይደነግጥ ይቀበለዋል።

ይህን ለመረዳት ዘይቱ ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። የሞተር ዘይት ዘመድ ቢመስልም ኑሮው ሌላ ነው። በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክፍል ዘይቱን እየወረወረ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘውን ተርባይን ያሽከረክራል፤ በመካከል ያለው ስታተር የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ አስይዞ ጉልበት ይጨምርለታል። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ሞተሩንና ጎማውን የሚያገናኛቸው የሚፈስ ነገር ብቻ ነው። በቀይ መብራት ላይ ፍሬን ተይዞ ሞተሩ የማይጠፋውም ለዚህ ነው። ይኸው ዘይት ወረድ ብሎ በፓምፕ ተጨምቆ የፍሪሲዮን ሰሌዳዎቹን እርስ በርስ ያጣብቃል፣ ማርሽም ይለወጣል። በዚያው ጉዞ ኩሽኔታውን ያለሰልሳል፣ ሙቀቱንም ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ያደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ አስደናቂ ተቃርኖ አለ። ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ዘይቱ ማንሸራተት አለበት። ሰሌዳ ከሰሌዳ ሲገናኝ ደግሞ መያዝ አለበት፤ መያዙም በልኩ መሆን አለበት። ቶሎ ቢይዝ ማርሹ ይመታል፣ ዘግይቶ ቢይዝ ይንሸራተታል፣ ሲይዝም ሲለቅም ቢያመነታ መኪናው ይንቀጠቀጣል። አንድ ፈሳሽ ሁለት የማይስማሙ ጠባዮችን በየቦታው እንዲያሳይ የሚያደርጉት የተጨመሩለት ኬሚካሎች ናቸው። በሙቀትና በዕድሜ አስቀድመው የሚደክሙትም እነሱ ናቸው። ዘይቱ በብዛት ሳይጎድል፣ በመለኪያው ላይ ልኩ ሳይወርድ፣ በጠባዩ ግን ሊያረጅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘይት ኃይል እንዲያስተላልፍ የተደረገበት ታሪክ ከባሕር ይጀምራል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር እ.ኤ.አ. በ1905 በፈሳሽ ኃይል የማስተላለፍን ሐሳብ የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብበት በስቴቲን ከተማ በሚገኘው የቩልካን መርከብ መሥሪያ ይሠራ ነበር። ያሳሰበው የመርከብ ተርባይን ነበር፤ ተርባይኑ እጅግ ፈጣን፣ ፕሮፔለሩ ዝግተኛ፣ ሁለቱን የሚያስማማ ሽማግሌ ጠፍቶ ነበር። ሐሳቡ ወደ መኪና የመጣው ቆይቶ ነው። ጄኔራል ሞተርስ «ሃይድራማቲክ» ያለውን ካምቢዮ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል አቀረበ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ኤም5 እና ኤም24 የተባሉት ቀላል ታንኮች ይህንኑ ካምቢዮ ይዘው ዘመቱ። እ.ኤ.አ. በ1949 ኩባንያው «ታይፕ ኤ» የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት መመዘኛ አወጣ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በምትኩ «ዴክስሮን» የሚለው ስም መጣ፤ ዛሬም በሱቅ መደርደሪያ ላይ ይነበባል።

ያን ጊዜ ለያዝ-ለቀቁ ጠባይ ከሚጨመሩት ቅመሞች አንዱ ስፐርም ዌል ከሚባለው ዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ነበር። ሙቀት ይችላል፣ ከብረት ላይ በቀላሉ አይላቀቅም። በመቶዎች ሜትር ጥልቀት ጠልቆ የሚያድን እንስሳ፣ ዴትሮይት በተሠሩ መኪናዎች ካምቢዮ ውስጥ አስፋልት ለአስፋልት ይዞር ነበር ማለት ነው። አሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባወጣቻቸው የእንስሳት ጥበቃ ሕጎች ምርቱ ሲታገድ ኬሚስቶቹ ምትክ ፍለጋ ገቡ፤ ጆጆባ ከሚባል የበረሃ ቁጥቋጦ ፍሬ የሚጨመቀው ዘይት በባሕርዩ ቅርብ ሆኖ ከተገኙት አንዱ ነበር። ይህን ታሪክ ማስታወስ የሚገባው ለመገረም ብቻ አይደለም። በጓሮ ባልዲ ውስጥ የሚንዠቀዠቀው ቀይ ፈሳሽ ታሪኩ ከመሬትና ከባሕር የተቀዳ፣ የብዙ ሰው ልፋትና የሌላ ፍጡር ሕይወት የገባበት ሥራ ነው። እንደ ተራ ነገር መታየት አይገባውም።

ቀይነቱ ራሱ ማቅለሚያ ነው። መኪና ሥር ፍሳሽ ሲታይ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ተብሎ የተጨመረ እንጂ የጤንነት ምልክት አይደለም፤ አንዳንዱ ዘይት ገና ደህና ሳለ ይጠቁራል። ስለዚህ በቀለሙ ብቻ የሚፈርድ ይሳሳታል። ሽታው የተሻለ ምስክር ነው፤ የተቃጠለ ሰሌዳ ሽታ አንዴ ያወቀው ሰው አይረሳውም። ከሁሉ በላይ የሚናገረው ግን ማግኔቱ ነው። የካምቢዮው ሳህን ሲወርድ በውስጡ እዚህም እዚያም የተቀመጡ ትናንሽ ማግኔቶች ይገኛሉ። ፊታቸውን ጠቆር ያለ ግራጫ ጭቃ ይሸፍነዋል። ያ ጭቃ በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ ምንም ካልቆረቆረ፣ ጣትን ከማጥቆር በቀር ምንም ካልተገኘበት፣ ብረት ከብረት ተፋቅሮ ሲኖር የሚጥለው የዘመናት ብናኝ ነው፤ ይጠረጋል፣ ማግኔቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለት ያለው ስባሪ ጣትን ከወጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሆነ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየፈረሰ ነው፤ ያን አዲስ ዘይት አያድነውም።

ዘይቱን እንዲህ ማንበብ በተለይ ለኢትዮጵያ መኪና ባለቤት ትልቅ ዋጋ አለው። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ያሉት ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ብዙዎቹ ሌላ አገር ተነድተው የመጡ ናቸው። ከመኪናው ጋር ቁልፉ ይመጣል፣ ታሪኩ አይመጣም። የቀድሞው ባለቤት ዘይቱን ቀይሮ ነበር? በምን ዓይነት? የት ነበር የሚነዳው፣ በረሃ ላይ ወይስ በረዶ ላይ? ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚለው ይታመናል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሻጩም ደላላውም መልስ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም ጥቅም የተቀላቀለበት ነው። ከካምቢዮው የሚወርደው ሦስት ሊትር ግን ማንንም ለማስደሰት የማይናገር ምስክር ነው። በጎማ ጓንት የተቀበለው፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ያንጠባጠበው፣ በብርሃን አዙሮ ያየው ባለቤት ስለ መኪናው ያልነገሩትን ነገር ያነብባል።

እንግዲህ እዚህ ጋ የጋራዡ ምክር ይመጣል። «ጋሼ፣ እስካሁን ካልተቀየረ አሁንም አይንኩት» ይላል መካኒኩ። ከነገሩ ጦም እደሩ ነው ነገሩ። ብዙ ታሪክም አለው፤ እገሌ መኪናው ደህና ሲሄድ ቆይቶ ዘይቱን አስቀየረ፣ በሳምንቱ ማርሹ መግባት አቃተው። ታሪኩ ውሸት አይደለም። ጥያቄው ከታሪኩ ምን ይደመደማል የሚለው ነው።

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው መቶ ዘመን ያነሣው ሙግት በጋራዥ ውስጥ ሕያው ነው። ዓይን የሚያየው አንዱ ነገር ሌላውን ሲከተል ብቻ ነው፤ ይኼ ያንን አመጣው ብሎ የሚያስተሳስራቸው በልማድ የተገራው አእምሮ ነው። ሰው ለዓመታት ያልነካውን የካምቢዮ ዘይት ድንገት የሚያስቀይረው መቼ ነው? ማርሹ መዘግየት ሲጀምር፣ መኪናው ሲነሣ ሲያመነታ ነው። ማለትም በሽታው ከገባ በኋላ። ሰሌዳዎቹ አልቀው ከሆነ፣ በአሮጌው ዘይት ውስጥ የሚንሳፈፈው የሰሌዳ ብናኝ ለጊዜው እንዲያዝ ያግዛቸው ይሆናል፤ አዲሱ ንጹሕ ዘይት ያንን ሲያነሣው የተደበቀው ይገለጣል። በኃይል የሚገፋ ማጠቢያ ማሽን ደግሞ የረጋውን ቆሻሻ አንቀሳቅሶ ጠባብ ቦይ ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ዓይነቱ የተሳሳተ ዘይት የተሞላበትም ካምቢዮ አለ፤ በቀበቶና በፑሌ ለሚሠራው ሲቪቲ ተራውን ቀይ ዘይት መሙላት መግደል ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ስም ይጠሩና «ዘይት መቀየር ገደለው» ይባላል።

ኃላፊነት በመጨረሻው እጅ ላይ መውደቁ በመኪና ብቻ አይደለም የሚታየው፤ በሰው ጉዳይም እንደዚያው ነው። ነገርን ከሥሩ የሚመረምር ሰው ግን የመጨረሻውን እጅ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ያልተዘረጉትን እጆችም ይቆጥራል። ገዳዩ የዛሬው ሦስት ሊትር ነው ወይስ ሳይቀየር ያለፈው መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር? የመካኒኩ ጥንቃቄ ለታመመ ካምቢዮ ልክ ሊሆን ይችላል። ለጤነኛው ሲነገር ግን ሕመሙን ራሱ የሚያመጣ ምክር ይሆናል፤ አለመንካቱ ይቀጥላል፣ አንድ ቀን ለመንካትም ጊዜው ያልፋል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት በጥቂት የሚለወጠው ዘይት ጥበቡ ይታያል። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ገፍቶ የማያወጣው የማፍሰሻ ብሎን እንደ ጉድለት ሲቆጠር፣ ለቆየ ካምቢዮ የሚስማማው ግን ያ ዝግታ ነው።

ሌላው ምክር ከላይ ከፋብሪካ የሚመጣው ነው። በብዙ ዘመናዊ መኪናዎች መጽሐፍ ላይ የካምቢዮው ዘይት ለዕድሜ ልክ የተሞላ ነው ይባላል። ቢኤምደብሊው እንዲህ ሲል ኖሯል፤ ካምቢዮውን የሠራለት ዜድኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በበኩሉ ዘይቱ እንደ አነዳዱ በየ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በስምንት ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። ሁለቱ ኩባንያዎች የሚያስቡት ስለ አንድ ብረት ነው፤ የሚያዩት ዘመን ግን ይለያያል። አንደኛው የመጀመሪያው ባለቤት የዋስትና ዘመን ሲያልቅ ሒሳቡን ይዘጋል። ሁለተኛው ብረቱ ስንት ዓመት እንደሚችል ያውቃል። ሦስተኛውና አራተኛው ባለቤት፣ በሌላ አህጉር ያለው፣ በማንኛቸውም ሒሳብ ውስጥ በስሙ አልገባም።

ከዚህ ጋር የመለኪያ ዘንጉ መጥፋት ይያያዛል። ማቲው ክሮፎርድ የተባለው አሜሪካዊ፣ በፖለቲካ ፍልስፍና ዶክትሬት ይዞ በቨርጂኒያ ሪችመንድ የሞተር ሳይክል ጥገና ቤት የከፈተ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ የሞተር ዘይት መለኪያ ዘንግ የሌላቸውን አንዳንድ መርሰዲሶች አንሥቶ ነበር። ቅሬታው ተገቢ ነው። ዘንጉ ሲወገድ የሚወገደው ብረት ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ስለ ገዛ ንብረቱ የማወቅ መብቱም አብሮ ይነሣል። ካምቢዮውም እንዲሁ ሆኗል። በድሮው ኮሮላ ላይ ኮፈን ከፍቶ ዘንጉን መዝዞ፣ የትኩስና የቀዝቃዛ ምልክቱን አይቶ መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። በብዙ አዳዲሶቹ ላይ ልኩን ማየት የሚቻለው ከሥር ገብቶ ነው።

የመንግሥት ፖሊሲም ያለውን ካምቢዮ የመንከባከቡን ጉዳይ ይበልጥ ከባድ አድርጎታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የኤሌክትሪክ መኪናው ቶርክ ኮንቨርተር የለውም፤ ቋሚ ማርሽ ከጥቂት ዘይት ጋር ብቻ ይዞ ይሄዳል። ግን በአገሪቱ ያሉት አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ገና ለብዙ ዓመት ይሠራሉ፣ ምትካቸውም በቀላሉ አይመጣም። የሚሠሩትም በደህና መንገድ አይደለም። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ዳገት ላይ ወይም በመገናኛ መጨናነቅ ውስጥ አንድ እርምጃ እየሄደ የሚቆም መኪና፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ ከጉልበት ይልቅ ሙቀት ያመርታል። ዘይቱ የሚያረጀው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ያለው ቀን ነው።

እንግዲህ ሥራውን ራሱ ለመሥራት የቆረጠ ሰው የሚጠበቅበት ጥንቃቄ ከባድ አይደለም፤ ግን አንዱም አይዘለልም። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ነፍስን መስጠት ነው፤ ማቆሚያው ግድ ነው። በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው የዘይት ዓይነት፣ ለምሳሌ በቶዮታ ላይ ቲ ፎር ከሆነ ቲ ፎር፣ ደብሊው ኤስ ከሆነ ደብሊው ኤስ፣ ሶማሌ ተራ ካለው የመኪና ዕቃ ባለሱቅ «ያው ነው» ማረጋገጫ በላይ ይታመናል። ከማፍሰሻው በፊት የመሙያው ብሎን ይፈታል። ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቀ ሰው ዘይቱን አፍስሶ መሙያው ዝጎ አልፈታ ቢለው መኪናው ባለበት ይቀራል። የወረደው ዘይት በመስፈሪያ ይለካል፣ የሚገባውም ያንኑ ያህል ይሆናል።

ልክ ማየቱ ነው ትዕግሥት የሚፈትነው። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ስለዚህ ልኩ የሚነበበው በሙቀቱ ነው። ዘንግ በሌላቸው አንዳንድ የቶዮታ ካምቢዮዎች ላይ የዘይቱ ሙቀት ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ብቻ ነው ልኩ የሚታየው። ባለቤቱ ፍሬን ይዞ ማርሹን በየቦታው ለጥቂት ሰከንድ ያስገባል፣ ዘይቱ ወደ ቦዮቹ ሁሉ ይገባል። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የትርፍ መውጫዋ ብሎን ትፈታለች። ትርፍ ካለ በክር ይወርዳል፤ ክሩ ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ወደ ጠብታ ይለወጣል። በዚያች ቅጽበት ብሎኗ ትመለሳለች። ቢዘገይ ሙቀቱ ያልፋል፤ የሰፋው ዘይት ከልኩ በላይ ይፈስና ካምቢዮው ጎድሎ ይዘጋል፣ ያኔ እንዲቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። ምንም ካልወረደም ጎድሏል ማለት ነው፤ ተጨምሮ እንደገና ይታያል። ሰው ማሽኑን ሊያስቸኩለው የማይችልበት፣ ብረቱ በራሱ ሰዓት የሚናገርበት ሥራ ነው።

ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የወረደውና የተሞላው መጠን፣ የማግኔቱ ሁኔታ በአንድ ደብተር ላይ ቢጻፍ የሚቀጥለው ገዢ ቁልፉን ብቻ ይዞ አይሄድም።

በባልዲው ያለው ሦስት ሊትር ግን ገና መድረሻ አላገኘም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አንድ ጋሎን፣ ማለትም አራት ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያገለገለ የሞተር ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል ይላል፤ የካምቢዮ ዘይትም የሚያዘው በዚያው ጥንቃቄ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን አሮጌውን በጀሪካን ይዘው ቢሄዱ ብዙ የመኪና ዕቃ መደብሮች በነፃ ይቀበሏቸዋል። በአገር ቤት የተቃጠለ ዘይት አንዳንዴ የአጥር እንጨት ከምስጥ እንዲጠብቅ ይቀባል፣ አንዳንዴም ቱቦ ውስጥ ይደፋል፤ ሁለቱም መጨረሻቸው መሬት ነው፣ ከመሬቱም ወደ ወንዙ። ክዳን ባለው ጀሪካን፣ ከፍሬን ዘይትም ከቤንዚንም ከውሃም ሳይደባለቅ ተይዞ፣ የሞተር ዘይት በበርሜል ወደሚያጠራቅም ጋራዥ ቢወሰድ ይሻላል። ባለ ጋራዡንም ያ በርሜል ሲሞላ ማን እንደሚወስደው መጠየቅ ይገባል።